የድሮ የውሃ ወፍጮ ልናይ ነው፤ ምን እንይ? ምንስ እንግዛ?

ጥያቄ አብዢ፦

ሰላም ለዚህ ቤት።

በመጪው ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የድሮ የውሃ ወፍጮ ልናይ ነው። ወፍጮው ዛሬም ይፈጫል ብለውኛል። የቀድሞው የእህል መጋዘን ደግሞ መሸጫ ሆኗል። ታች የድሮ ዕቃ፣ ላይ የእጅ ሥራ።

ሦስት ነን፤ እኔ፣ አባቴ እና የሰባት ዓመት ልጄ። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፤ ደረጃ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ልጄ ደግሞ የማይነካው ነገር የለም። "አትንካ" ያሉትን ሁለቴ ይነካል።

እውነቱን ልናገርና ወፍጮው ብዙም አልሳበኝም። መዘውር ይዞራል፣ ዱቄት ይወጣል፣ አለቀ አይደል? እኔን የሚስበኝ መሸጫው ነው። ግን እሱንም ፈራሁት። አምና ከአንድ ሻጭ "መቶ ዓመት አልፎታል" ተብዬ የእንጨት ሳጥን ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ላጸዳው ስገለብጠው ከሥሩ ባርኮድ ያለበት ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ባለቤቴ እስካሁን ሳጥኑን "ቅድመ አያቴ" እያለ ነው የሚጠራው። "ቁልፉን ቅድመ አያቴ ላይ አስቀምጪው" ይለኛል።

እና ወፍጮው ውስጥ በእርግጥ የሚታይ ነገር አለ? አሮጌውን ከአሮጌ መሳዩ በምን ልለየው? የእጅ ሥራ የሚባለውስ እውነት በእጅ የተሠራ መሆኑን በምን ልወቅ? ለልጅስ አያሰጋም? ያላችሁን ወዲህ በሉ።

ዱቄት ለባሽ፦

"አለቀ አይደል?" የምትለዋ ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ።

ዘጠኝ ዓመት በአንድ የድሮ የውሃ ወፍጮ በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ያስቆመኝ ወገቤ ነው። እና ልጄ፣ አላለቀም።

መጀመሪያ ደውለሽ ውሃው የሚለቀቅበትን ሰዓት ጠይቂ። የቆመ ወፍጮ ፎቶ ነው። ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ትልቁ ነገር መዞሩ ሳይሆን መነሳቱ ነውና። ወፍጮ ጠባቂው የቦዩን መዝጊያ ከፍ ያደርጋል። ውሃው ይገባል። መዘውሩ ግን ወዲያው እሺ አይልም። ያቃስታል፣ ትንሽ ያቅማማል። ከዚያ ወለሉ ከእግርሽ ሥር መንዘር ይጀምራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሰልችቶኝ አያውቅም።

ከውጭ ጀምሩ። ውሃው መዘውሩን በየት በኩል እንደሚያገኘው እዩ። ከላይ ይወርድበታል ወይስ ከሥሩ ይገፋዋል? ጆን ስሚተን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ይህን ነገር ትንሽ ሞዴል ሠርቶ ለካው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1759 አቀረበ። ከሥሩ የሚገፋው መዘውር ከውሃው ጉልበት 22 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው። ከላይ የሚወርድበት ግን 63 በመቶ ያህሉን። ያው አንዱ ውሃ፣ ወደ ሦስት እጥፍ ሥራ! ከሥር የሚመጣው ውሃ መትቶ ይበተናል። ከላይ የሚመጣው በየባልዲው ይሞላና በክብደቱ ይጎትታል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ውስጥ። የአባትሽ ጉልበት አያሳስብሽ። የወፍጮ ቤት ደረጃ እውነትም ደረጃ አይባልም፤ መሰላል ነው። ግን ጥርሳሞቹ ጎማዎች አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ታች ነው። ወንበር ለምኚና እዚያ ይቀመጡ። ከቤቱ ሁሉ የተሻለው ቦታ እሱ ነው። ውጭ ያለው መዘውር በደቂቃ አሥር ጊዜ እንኳ ላይዞር ይችላል። ድንጋዩ ግን በደቂቃ መቶ ዙር አካባቢ ይፈልጋል። ፍጥነቱን የሚያበዙት እነዚያ ጎማዎች ናቸው። አባትሽ ልብ ብለው ይዩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጎማ ሙሉ ብረት ነው፤ ሌላው የብረት ጎማ ሆኖ የእንጨት ጥርስ ተሰክቶበታል። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ብረት ከብረት ጋር ይጮሃል፣ ብልጭታም ያወጣል። ደግሞ የሆነ ነገር ቢነክስ የሚሰበረው እንጨቱ ነው። አንድ ጥርስ ትቀይሪያለሽ እንጂ ጎማውን አትቀይሪም።

ድንጋዮቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዕድሜዬ የሄደው እዚያ ነው። ሁለት ናቸው። የታችኛው ንቅንቅ አይልም። የላይኛው ይዞራል፤ ትልቅ ከሆነ አንድ ቶን ያህል ሊመዝን ይችላል። ሰው ሁሉ ድንጋዮቹ የሚፋተጉ ይመስለዋል። አይነካኩም። መሃላቸው ላይ ክፍተቱ ሰፋ ይላል፤ ጠርዙ ጋ ስትደርሺ የወረቀት ያህል ይቀጥናል። ፊታቸው ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ቦዮች ተቆፍረዋል። የላይኛው ሲዞር የላዩና የታቹ ቦይ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። እህሉ እየተቆረጠ፣ እየደቀቀ፣ በዚያው ቦይ እየተገፋ ወደ ጠርዝ ይወጣል።

ቦዩ ይደነዝዛል። ሲደነዝዝ ድንጋዩ መወቀር አለበት። የላይኛውን አንስተሽ፣ ገልብጠሽ፣ ክርንሽን ከረጢት ላይ አስደግፈሽ፣ በሹል ብረት ጠክ ጠክ ጠክ። ሁለት ቀን ሙሉ። ብረቱ ይፈናጠራል። ግራ እጄ ላይ ከቆዳዬ ሥር የቀሩ ጥቋቁር ነጥቦች ዛሬም አሉ። የልጅ ልጄ ትቆጥራቸዋለች፤ ቁጥሩ በየጊዜው ይለያያል። ወፍጮ ጠባቂውን እጁን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ነጥብ ካለበት ወቃሪ ነው። ያንን ሰው በቀላሉ አትልቀቂው።

የድንጋዩንም ዙሪያ እዪ። አንድ ወጥ ካልሆነ፣ ከቁርጥራጭ ተገጣጥሞ በብረት ቀለበት ከታሰረ፣ ፈረንሳይ አገር ከፓሪስ በስተምሥራቅ ካለችው ከላ ፌርቴ ሱ ዡዋር የመጣ ሊሆን ይችላል። የዚያ አካባቢ ድንጋይ ዝናው ትልቅ ነበር። መርከብ ላይ ተጭኖ እስከ አሜሪካ ይሄድ ነበር።

አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ። እውነቴን ነው። ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ከድንጋዩ ጋር አብሮ የሚዞር ዘንግ ነው፤ እህል የሚያንጠባጥበውን የእንጨት አሸንዳ እየገጨ ያራግፈዋል። ድንጋዩ ሲፈጥን ኳኳታው ይፈጥናል፤ የሚወርደው እህልም ይበዛል። ሲዘገይ ይቀንሳል። የሰው እጅ ሳይገባበት ራሱን ይመጥናል። እኔ ከኤሌክትሮኒክስ በፊት ሰው እንዲህ ያስብ እንደነበር የገባኝ በዚህ ድምፅ ነው። ብዙ ወፍጮ ላይ ደግሞ ደወል አለ። እህሉ ሊያልቅ ሲል ይጮሃል። ድንጋዩ ባዶውን ከዞረ ፊቱ ይበላሻል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ልጅሽን "ደወሉን ፈልግ" በይው። ከእጁ ይልቅ ዓይኑ ሥራ ይያዝ።

እሱን ካነሳን እጁን ያዢው። የሚንዘላዘል ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ፀጉር አይሆንም። የድሮ ማሽን ሰው ስለያዘ አይቆምም። እሳት የሚባል ነገር በደጁ እንዳያልፍ። አየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1878 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዋሽበርን ኤ የተባለው ግዙፍ የዱቄት ወፍጮ እንዲህ ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። በቦታው ዛሬ ሙዚየም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዱቄቱ ሲወርድ ጠባቂውን አስፈቅደሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እሺው። ለብ ካለ ደህና ነው። ከሞቀ ድንጋዮቹ ከመጠን በላይ ተቀራርበዋል። ከገዛሽ ደግሞ ብዙ አታከማቺ። የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት የፍሬው ቅባት አብሮት ስላለ ሽታው ቶሎ ይለወጣል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ጩኸት ውስጥ ሠርተው ጆሮዎ ተርፏል?

ዱቄት ለባሽ፦

ምን አልክ?

መጋዝና መሮ፦

የጋሼን ጨርሼ ሳነብ እኔም ልሄድ አማረኝ። ግን የኔ ነገር መሸጫው ነው። የድሮ የቤት ዕቃ አድሳለሁ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ግን ሻጩን ሳይሆን ዕቃውን ጠርጥሪ። ሻጩ ራሱ ተታሎ የገዛው ሊሆን ይችላል።

ሁልጊዜ ፊቱን ትተሽ ጀርባውን እዪ። አስመሳይ የሚደክመው ፊቱ ላይ ነው። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጪው፣ ገልብጪው። ባትሪ ያስፈልግሻል፤ የስልክሽ ይበቃል። የመሳቢያው ጎንና ፊት የተቆላለፉበትን ጥርስ አይተሽ ታውቂያለሽ? በእጅ የተቆረጠ ከሆነ አይመሳሰልም። አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ይላል። አናጢው መስመር ለመያዝ በስለት የጫረው ጭረትም ሊታይ ይችላል። እንደ ማበጠሪያ እኩል እኩል ከሆነ የማሽን ነው። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ካገኘሽ ደግሞ ወይ አዲስ ነው፣ ወይ ወለሉ ተቀይሯል። ጠይቂ።

ባትሪውን ከጎን በኩል አግድም አብሪበት። መጋዝ የሄደበት ይታይሻል። ጭረቱ ቀጥ ቀጥ ካለ ወደ ላይ ወደ ታች በሚሄድ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው። ቅስት ቅስት ካለ ክብ መጋዝ ነው፤ እሱ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1700ዎቹ የተሠራ ነው የተባለ ዕቃ ላይ ቅስት ካየሽ ነገሩ አልተዋጠም።

የኔ ዋና ምስክር ግን ቪቴ ነው። የድሮ የእጅ ቪቴ ጫፉ ደነዝ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ያለው ስንጥቅ መሃሉን ይስታል። ጫፉ የሾለ የማሽን ቪቴ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ገደማ ጀምሮ ነው። ጭንቅላቱ ላይ መስቀል ያለበት፣ በባለ መስቀል ካቻቪቴ የሚፈታው፣ ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ለጥገና የገባ ሊሆን ይችላል፤ እሺ። ግን ሁሉም ቪቴ እሱ ከሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ክብ ጠረጴዛ ካማረሽ ሜትር አውጪ። በሁለት አቅጣጫ ለኪው። ወጥ እንጨት በዕድሜ ብዛት ይጠባል፤ የሚጠበው ግን በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ስለዚህ የእውነት አሮጌ ክብ ጠረጴዛ ትንሽ ሞላላ ይሆናል።

ደግሞ ሰው የነካው ቦታ ያልቃል። የወንበር መርገጫ መሃሉ፣ የመሳቢያ ጠርዝ፣ የክዳን ከንፈር። ሁሉም ቦታ እኩል ያለቀ ዕቃ የጨረሰው ዘመን ሳይሆን የብርጭቆ ወረቀት ነው።

እኔም ተበልቻለሁ፤ እንዳትሸማቀቂ። በጀማሪነቴ አንድ ሳጥን ገዛሁ። ነቀዝ የበላው፣ በቀዳዳ የተሞላ። "እንዴት ያለ አሮጌ ነው!" ብዬ ተደሰትኩ። ሥራ ቦታ ወስጄ ቀጭን ሽቦ ወደ አንዱ ቀዳዳ ሰደድኩ። ቀጥ ብሎ ገባ። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ገባ። ሦስተኛውም። ነቀዝ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እየተጠማዘዘ ነው የሚበላው። በመሰርሰሪያ የተበሳ ነበር። ያን ሽቦ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ከገዛሽ በኋላ አትፈትጊው። ቀለሙን ልጠህ፣ ቫርኒሽ ቀብተህ አብራልኝ የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ያ ዕቃ ዘመን የሰጠውን መልክ በአንድ ከሰዓት ያጣል። አሮጌ ቀለምም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ልጅሽ እንዳይልሰው፣ እንዳይፍቀው። በአሮጌ ባለ መስታወት ቅብ ሸክላ ደግሞ ምግብ አታቅርቢበት፤ ቅቡ ውስጥም እርሳስ ሊኖር ይችላል። የዝሆን ጥርስ የገባበት ነገር ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ። የዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1989 ታግዷል፤ ከየት እንደመጣ ማስረጃ ሳይኖር መያዙ ራሱ ጣጣ ነው።

ልትገዢ ከወሰንሽ ደረሰኙ ላይ ዕድሜውን እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። በአፉ "መቶ ዓመት" ያለ ሰው እስክሪብቶ ሲሰጡት "ስልሳ ገደማ" ይላል።

ስፌት በሌሊት፦

የላይኛው ፎቅ የኔ ነው ማለት ነው። ቅርጫት እሠራለሁ፤ ልጆች ከተኙ በኋላ። ስሜም ከዚያ ነው የመጣው።

መጋዝና መሮ ጥሩ ብሏል። ግን አንዱን ልቃወም። "እኩል ከሆነ ማሽን ነው፣ ካልተመሳሰለ የእጅ ነው" የሚለው ለመሳቢያ ይሁን እንጂ ለእኛ አይሠራም። አሁን ሆን ተብሎ የተዛባ የፋብሪካ ዕቃ ሞልቷል። ጎበዝ ሰፊ ደግሞ እኩል ነው የሚሰፋው! ሃያ ዓመት የለፋሁት እንዲዛባ መሰለህ እንዴ?

እንደዚህ አድርጊ። ቅርጫቱን ገልብጪና መነሻውን ፈልጊ። ቅርጫት ከመሃል ነው የሚጀመረው። መነሻው ተልፈስፍሶ በኮላ ከተሸፈነ ይቅርብሽ። ከዚያ ከንፈሩን በሁለት እጅሽ ያዢና ጫን በይው። ጥሩ ቅርጫት ትንሽ ይሰጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሽመና ከሆነ ጀርባውን እዪ። ሸክላ ከሆነ ቂጡን እዪ፤ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ተሠርቶ በክር የተቆረጠ ከሆነ የክሩ ምልክት እንደ ጣት አሻራ ዞሮ ይታያል፣ ሠሪው ካላለሰለሰው። ውስጡ ላይም የጣት ቀለበቶች ይኖራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥያቄ ነው። "ያላለቀ አለሽ?" በይ። የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ያላለቀ አለው። የሚያስመጣ ሰው ያለው ያለቀ ብቻ ነው። እኔ ያላለቀው እንዲታይልኝ ነው የምፈልገው፤ ማንም አይጠይቀኝም።

ክርክሩን በተመለከተ፣ ዋጋ ተከራከሪ፤ መብትሽ ነው። ግን "ይሄ እኮ ሣር ነው" አትበይ። አንድ ሰውዬ እንዲህ ብሎኝ፣ ሣሩን ሰጥቼው "እንግዲያው ውሰድና ሥራው" አልኩት። እስካሁን አልመለሰም። ሣሩንም፣ ራሱንም።

የሱፍ ነገር ከገዛሽ ከረጢት ውስጥ በደንብ አሽገሽ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አክርሚው። ብል ካለበት ከነእንቁላሉ ይሞታል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሱቅ ስገባ ዕቃ ሁሉ ልገለብጥ ነው። ጥበቃ ሲያስወጣኝ አድራሻችሁን ነው የምሰጠው።

ጥያቄ አብዢ፦

ደርሰን መጣን! ቃል በገባሁት መሠረት ልንገራችሁ። ቃል አልገባሁም ለካ። ቢሆንም።

ስደውል ውሃው የሚለቀቀው አራት ሰዓት ላይ ነው አሉኝ። ሦስት ተኩል ላይ ደረስን። ችግሩ ውሃው ቀንሷል፤ ዛሬ የምናስነሳው ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነው ተባልን። ተናድጄ ነበር። ከዚያ ግን ተነሳ። ጋሼ፣ ያ ማቃሰት ያሉት! እኔ እንጨት የሚሰበር መስሎኝ ልጄን ወደ ኋላ ጎተትኩት። ወለሉ መንዘር ሲጀምር ልጄ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆመ። ማንም አላዘዘውም።

ወፍጮ ጠባቂው ወጣት ነው። እጁን ጠየቅሁት፤ ግራ ገባው። ምክንያቱን ስነግረው ሳቀና እጅጌውን ሰበሰበ። ሦስት ነጥብ። "ገና ጀማሪ ነኝ" አለኝ። ከዚያ በኋላ እኛን ትቶ ሌላ ጎብኚ ጋ መሄድ አቃተው።

አባባን ታች ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት መካኒክ ነበር፤ ይህን ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ሃያውን ደቂቃ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወፍጮው ሲቆም ተነሳ፣ ጉልበቱን ረሳው፣ ጎማው ላይ በኖራ ቁራጭ ምልክት አድርጎ ጥርስ መቁጠር ጀመረ። አስፈቅዶ ነው፣ አትቆጡ። ትልቁ 73፣ ትንሹ 24። "ይሄ ስህተት ነው" አለ። "72 ቢያደርጉት በልኩ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር። ማነው እንዲህ የሠራው?" ወጣቱም መልስ አልነበረውም። አባባ መንገዱን ሙሉ ስለዚያች አንዲት ጥርስ ሲያወራ መጣ። ጋሼ፣ እባክዎ ገላግሉን።

ደወሉን ልጄ አገኘው። ከላይኛው ወለል በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። እህሉ ሲያልቅ ጮኸ፤ ልጄም አብሮት ጮኸ።

መሸጫው ጋ አንድ የእህል መስፈሪያ ሳጥን ዓይኔ ገባ። ጠቆር ያለ፣ የብረት ማዕዘን ያለው። "ከ1800ዎቹ ነው" አለችኝ ሻጯ። ገለበጥኩት። ሻጯ ደነገጠች። ስምንት ቪቴ፤ ስምንቱም ባለ መስቀል። "ታድሶ ነው" አለች። ሊሆን ይችላል። "እንግዲያው 1800ዎቹ ብለሽ ደረሰኙ ላይ ጻፊልኝ" አልኳት። ሳጥኑን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ቅድመ አያት ይበቃኛል።

ላይ ግን ማንኪያና ጭልፋ የሚጠርብ ሰው አገኘሁ። "ያላለቀ አለህ?" አልኩት። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሙሉ ካርቶን አወጣ። ግማሹ የተሰነጠቀ፣ ግማሹ ገና ቅርጽ ያልያዘ። የተሰነጠቁትን ለምን እንደማይጥላቸው ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ አየኝና "እሱንማ አላውቅም" አለኝ። ዱቄት ማፈሻ ገዛሁ። አልተከራከርኩም፤ ስፌት በሌሊትን ፈርቼ።

አባባ የገዛው ደግሞ ሌላ ነው። በሩ ጋ ከጎማው የወጡ አሮጌ የእንጨት ጥርሶች ለወፍጮው ጥገና ማሰባሰቢያ ይሸጣሉ። አንዱን ገዝቶ ለልጄ ሰጠው። የልጄም የፊት ጥርስ ባለፈው ሳምንት ነው የወለቀው። አሁን ጥያቄው፣ የወፍጮው ጥርስ ተመልሶ ይበቅላል ወይ ነው። ምን ልበለው?

ዱቄት ለባሽ፦

መጀመሪያ ለአባትሽ። ስህተት አይደለም። እንዲያውም የሠራው ሰው ጎበዝ ነው። 72 እና 24 ቢሆን ኖሮ የትንሹ ጎማ እያንዳንዱ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከእነዚያው ሦስት ጥርሶች ጋር ብቻ ነበር የሚገናኘው። አንዱ ጥርስ ትንሽ ጉድለት ቢኖርበት ያቺኑ አንዷን ጎረቤቱን ሲቦረቡራት ይኖራል። አንድ ጥርስ ሲጨመር በየዙሩ አንድ አንድ እየተንሸራተተ ሁሉም ከሁሉም ጋር በተራ ይገናኛል። ስለዚህ እኩል ያልቃሉ። መካኒክ ናቸው፤ ለእሳቸው ይህ ይበቃቸዋል። ሰላም በይልኝ።

ለልጁ ደግሞ ይበቅላል በይው። ጠንካራ እንጨት ተቆርጦ ጥላ ውስጥ ዓመታት ይደርቃል። ከዚያ በመጋዝ፣ በመሮ፣ በሞረድ ቅርጽ ይወጣለታል። ጎማው ላይ ተመትቶ ይገባል፤ ከኋላ በሽብልቅ ይታሰራል። ከሱ ጥርስ ይልቅ ትንሽ ይዘገያል።

እና አንድ ነገር እዪልኝ። ጥርሱ ያለቀው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም?

ጥያቄ አብዢ፦

በአንድ ጎኑ ብቻ። ሌላኛው ጎኑ የመጋዙ ጭረት እንኳ አልጠፋም። ቀጥ ቀጥ ያለ ጭረት ነው፤ በባትሪ አይቼዋለሁ።

መጋዝና መሮ፦

ይቺን ልጅ ሥራ ልቀጥራት ነው።